የትምህርት ቤት ቅርፅ ፍለጋ፦ ከኖፓ እስከ ጎሬ

ከኖፓ የተነሣሁት ቤት ለማየት ነው። ለንግድ አይደለም፣ ለለቅሶም አይደለም። በቅሎ ተጭኖልኝ ስወጣ ያዩኝ ጎረቤቶቼ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይሳሳቁ ነበር። አንዷማ «አስካለ ቤት ጠፍቶባት ነው?» አለች። ስቄ አለፍኳት እንጂ፣ ነገሩስ እውነትም ቤት ጠፍቶብኝ ነበር።

ጠላት ከአገር ከወጣ ወዲህ በየከተማው ትምህርት ቤት ሲከፈት የእኛዋ ኖፓ ትንሽ ናትና ተራዋ ዘግይቶ ደረሳት። መንግሥት ቆርቆሮና ሚስማር ሊሰጥ፣ ሕዝቡ እንጨትና ጉልበት ሊያዋጣ ተስማሙ። ከጎሬ የመጣልን ንድፍ አንድ ረጅም ቤት ነው፤ እንደ ቡና መጋዘን ቀጥ ብሎ የተዘረጋ፣ ልጆች ሁሉ በአንድ የሚታጎሩበት አዳራሽ። ሥራውን እንዲመሩ የተመረጡት የኮሚቴው ሽማግሌዎች አይተው «መልካም ነው» አሉ። እኔ «ቆዩ» አልኩ።

ቆዩ ያስባለኝ የልጄ የጫልቱ ነገር ነው። አምና መቱ አክስቴ ዘንድ አስቀምጬ ትምህርት ቤት አስገብቻት ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ተመልሳ መጣች። ማንም አልመታት፣ ማንም አልሰደባት። «መምህሩ ምን ብሎ ይጠራሽ ነበር?» ብዬ ብጠይቃት «አንቺ ከኋላ ያለሽው ይለኛል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ወሬ ሲነሣ ወደ ጓዳ ትገባለች። እዚሁ ኖፓ ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው ብዬ ሳበስራት፣ ከበቆሎ መፈልፈሏ ቀና ሳትል «እንደ መቱው ከሆነ አልገባም» አለች። ጫልቱ አንዴ ያለችውን የምትለውጥ ልጅ አይደለችም። በዚህ አባቷን ነው የወጣችው።

እኔ ራሴ ተማሪ ሆኜ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በትንሿ ሱቄ ውስጥ፣ ከሳሙና መጠቅለያ ላይ ነው። ጨው ሊገዙ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በመጡ ቁጥር «ዛሬም ያቺን ፊደል ከእኅቷ ጋር ታምታቻለሽ?» ይሉኝ ነበር። ቁጭ ብለው አላስተማሩኝም። ብቻ የትኛዋን ፊደል እንደማምታታ ያውቁ ነበር። ለጫልቱም የተመኘሁላት ይህንኑ ነው፤ ምን እንደምታምታታ የሚያውቅ አንድ ሰው።

ይህን በስብሰባ ላይ አብዝቼ ተናገርኩ መሰለኝ፣ ሽማግሌዎቹ ሰለቻቸው። «እንግዲያው መቱንም ጎሬንም አይተሽ ነይ። ከዚያ በኋላ ግን ወሬ የለም» አሉኝ። አብሮኝ እንዲሄድ የመረጡት ደግሞ አናጢያችንን ጋሼ ጉደታን ነው። ዝናቡ ሳይጠና እንጨቱ መቆም አለበትና፣ የተሻለ ነገር ይዘን ካልመጣን ረጅሙ ቤት ይሠራል ማለት ነው።

ወደ መቱ

ጋሼ ጉደታ ረጅሙን ቤት የሚወዱ ሰው ናቸው። በመንገዳችን ሁሉ፣ ጭቃው በቅሎዎቹን እስከ ጉልበት በሚውጥበት ቦታ እንኳ፣ ስለ እሱ ነበር የሚያወሩት።

«ሃዳ ጫልቱ» አሉኝ፤ የጫልቱ እናት ማለታቸው ነው። «እኔ ስንት ቤት እንደሠራሁ ታውቂያለሽ። አንዱም ከመንገድ አይታይም። ሁሉም የቡና ጥላ ሥር ተደብቆ ቀረ። አንድ ቀን እንኳ መንገደኛ ከሩቅ አይቶ ‹ያንን ማን ሠራው?› ቢል ምናለበት?»

«ይታይልዎ ጋሼ። ልጆቹስ ከውስጥ ይታያሉ ወይ ነው የእኔ ጥያቄ።»

«ልጅ ምኑ ይታያል? ልጅ ይማራል እንጂ።»

ከዚህ በላይ አልተከራከርኩም። ጫካው ደስ ይላል። ከረጃጅሙ ዛፍ ላይ ቀፎዎች ተንጠልጥለዋል፤ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን ጥለው ከላይ ወደ ታች ያዩናል። እኩለ ቀን ላይ ከአንድ ምንጭ አጠገብ ወርደን የተቀቀለ ጎዳሬ በዳጣ በላን። ጋሼ ጉደታ ጠግበው ጀርባቸውን ለዛፍ ከሰጡ በኋላ፣ ከመነሣታችን በፊት በገበያው ቀን እንዴት እንጨት እንዳዘዙ አጫወቱኝ።

«ለየሰፈሩ ሽማግሌ ለየብቻ ነው የነገርኩት። ‹ከሌላው ምንም አልጠብቅም፣ ዋናውን የምጠብቀው ከእናንተ ነው› አልኳቸው። እንዲህ ካልተባለ ሰው ቀጫጭኑን ነው ቆርጦ የሚያመጣው።»

«ለሁሉም እንደዚያ አሉ?»

«ለሁሉም።»

ብልሃታቸውን አደነቅሁላቸው። በኋላ ግን ይህችው ብልሃታቸው ጉድ ሠራች።

መቱ፣ ዝናብ ውስጥ

መቱ የገባነው ሲመሻሽ ነው። አክስቴ ዘንድ አድረን፣ በማግሥቱ ጫልቱ ትማርበት ወደነበረው ቤት ሄድን። የትኛው እንደሆነ ስሙን አልጠራም፤ የሚያስተምሩበት ሰዎች የቻሉትን የሚያደርጉ ናቸው።

ጋሼ ጉደታ ገና ከሩቅ ሲያዩት ባርኔጣቸውን አወለቁ። እውነትም ያምራል። ነጭ ኖራ የተቀባ፣ ቆርቆሮው የሚያብለጨልጭ፣ ከዳር እስከ ዳሩ ዓይን ገፍቶ የማይጨርሰው ቤት ነው። ውስጡ ልጆች በረጃጅም አግዳሚ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ፊት ያሉት እየጮኹ ይመልሳሉ። መካከል ያሉት የፊተኞቹን አፍ እያዩ ይከተላሉ። ከኋላ ያሉት ደግሞ የራሳቸው ሌላ ከተማ አላቸው፤ አንዱ በቆሎ ይቆረጥማል፣ አንዷ የጓደኛዋን ፀጉር ትጎነጉናለች።

ከኋላ አግዳሚ ላይ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ጫልቱ የተቀመጠችበትን ማየት ፈልጌ ነው። ሰሌዳው የመሐረብ ያህል ሆኖ ይታያል።

ጥቂት ቆይቶ ዝናቡ መጣ። የእኛን አገር ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የመምህሩ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን የለም። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣምረው በትዕግሥት ቆሙ። ልጆቹም የለመዱት ነገር ነውና ክርናቸው ላይ ተኙ። እኔ ወደ መምህሩ ሄጄ በጆሯቸው እየጮኽኩ አናገርኳቸው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት፣ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ነው በይው» አሉኝ እየሳቁ።

«አምና እዚህ የተማረች ጫልቱ የምትባል ልጅ ያስታውሳሉ?»

መምህሩ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው አሰቡ። እውነተኛ ሰው ናቸው፤ ለይሉኝታ ብለው አስታውሳለሁ አላሉም። «ረጅሟ ናት?» አሉ።

«አይደለችም።»

«በአማርኛዋ ጎበዝ የሆነችው?»

«የእኔዋ ቤት ውስጥ የምትናገረው ኦሮምኛ ነው። አማርኛው ቶሎ አይመጣላትም እንጂ ትሰማለች።»

ወደ አግዳሚዎቹ ዞረው አዩ፤ እዚያ ያለች ይመስል ፈለጓት። «ይቅርታ እትዬ» አሉኝ መጨረሻ ላይ። «ፊት የተቀመጡትን ነው የማውቃቸው። ሌሎቹን ለማወቅ ስነሣ ሰኔ ይደርሳል።»

ስንወጣ ጋሼ ጉደታ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ «ቀጥ ያለ ሥራ ነው» አሉ። በልቤ ተናደድኩባቸው።

በቡና ጆንያ ላይ ወደ ጎሬ

በቅሎዎቹን አክስቴ ግቢ ትተን፣ ወደ ጎሬ ቡና በጫነ መኪና ላይ ተሳፈርን። ሾፌሩ ለአንድ ሰው አንድ ሽልንግ ጠየቀ። ጋሼ ጉደታ ስሙኒ ካልሆነ በእግሬ እሄዳለሁ ብለው መንገድ ጀመሩ። ሾፌሩ መኪናውን በእርሳቸው እርምጃ ልክ እያስኬደ በመስኮት ይከራከራቸዋል።

«አባቴ፣ ዳገቱን ሲያዩት ሽልንጉ ይናፍቅዎታል።»

«ዳገቱን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። አንተን ነው የማላውቅህ።»

በመጨረሻ ለሁለታችን አንድ ሽልንግ ከፍለን ጆንያው ላይ ወጣን። ጠላት የሠራው መንገድ በአንዳንድ ቦታ ጎርፍ በልቶታል። መኪናው ሲያዘነብል አጠገቤ የተቀመጡት አንድ የጅማ ነጋዴ «ቢስሚላሂ» ይላሉ፣ እኔ «በስመ አብ» እላለሁ፣ ጋሼ ጉደታ ጆንያውን ይጨብጣሉ። ጎሬ ኮረብታዋ ላይ ጭጋግ ለብሳ ነበር የጠበቀችን። ቤተ ክርስቲያኑ ደወሉ ይሰማል እንጂ አይታይም።

የማድ ቤት ልጆች

ጎሬ ላይ እንድናይ የተነገረን አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤት ተብሎ የተሠራ አይደለም። አንድ መኮንን ትተውት የሄዱት ግቢ ነው። አዳራሽ የሚሠራበት እስኪገኝ ድረስ ብለው ልጆቹን በየቤቱ ከፋፍለው አስገቧቸው፤ ጥቂቶቹ እልፍኝ ውስጥ፣ ጥቂቶቹ ግምጃ ቤት፣ ጥቂቶቹ የበቅሎ ቤት፣ ጥቂቶቹ ማድ ቤት። በሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ሜዳ ይከፈታሉ።

የተቀበሉን ወይዘሪት ጽጌ የሚባሉ ወጣት መምህርት ናቸው። ገና ሰላም ሳንባባል ይቅርታ ጠየቁን።

«አዳራሻችን አልተሠራም። እንግዳ ሲመጣ እናፍራለን። እኔ የማስተምረው ማድ ቤት ውስጥ ነው።»

ማድ ቤቱ ክብ ነው፣ ሣር የለበሰ፣ መካከሉ ላይ ወፍራም ምሰሶ የቆመበት። ጭሱ ያጠቆረውን ግድግዳ በኖራ ቢመርጉትም ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ልጆቹ ግድግዳውን ይዘው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ መምህርቷ ምሰሶውን እየዞሩ ያስተምራሉ።

«ከጀርባዎ ያሉት አይረብሹም?» ብላቸው፣

«ከጀርባዬ ማንም ብዙ አይቆይም። እዞራለሁ» አሉ።

ዝናቡ ጎሬም ተከትሎን መጣ። ሣሩ ዋጠው። ወይዘሪት ጽጌ ድምፃቸውን ሳያነሡ ቀጠሉ። አንድ ልጅ መልስ ሲሳሳት «አንተ ትናንትም ቅነሳውን ከቀኝ ጀምረህ መሐሉ ላይ ረሳኸው» አሉት። የሱቄ ሽማግሌ ትዝ አሉኝና ዓይኔን ወደ በሩ መለስኩ።

በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ሜዳው ላይ ተደባለቁ። አንዲት ልጅ መጥታ ጋሼ ጉደታን «እርስዎ የየትኛው ቤት ነዎት?» አለቻቸው።

«እኔ የኖፓ ነኝ።»

«እኛ የማድ ቤት ነን። የበቅሎ ቤቶች ይሸታሉ» ብላ ሮጠች። የበቅሎ ቤቶቹ ሰምተው አባረሯት።

ክፉ ጎኑን ግን ወይዘሪት ጽጌ አልደበቁኝም። «ትንሽ ቤት መልካም ነው፣ መልካም መምህር ከገባበት» አሉ። «አምና አንድ መምህር ነበሩ። በራቸውን ዘግተው ያስተምሩ ነበር። ልጆቹ ሲያለቅሱ የሰማነው ዘግይተን ነው። በአዳራሽ ውስጥ ቢሆን ሁላችንም እናይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በር አንዘጋም። ዝናብም ቢሆን፣ ብርድም ቢሆን።»

ይህን ወደ ኖፓ ይዤ የተመለስኩት ምክር አድርጌ ነው፤ በር ወደ አንድ ሜዳ ይሁን፣ በሩም ክፍት ይሁን።

ጋሼ ጉደታ ግን ከእኛ ተለይተው ወደ ማድ ቤቱ ተመልሰው ገቡ። በዱላቸው የማድ ቤቱን ስፋት ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ሲለኩ አየሁና ልቤ ተነሣሣ።

ከኃላፊው ዘንድ

ንድፉን የላኩልን የትምህርት ቤቶች ሥራ ኃላፊ በትሕትና አስቀመጡን። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጫልቱ፣ ስለ ማድ ቤቱ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እትዬ አስካለ፣ የሚሉት ይገባኛል» አሉ። «ግን ቆርቆሮ በየቦታው ተበታትኖ በየሰው ቤት ጣሪያ ላይ ሲገኝ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ቆርቆሮው በአንድ ጣሪያ ላይ፣ በአንድ ቦታ ላየው እፈልጋለሁ። ከዚያ በተረፈ ሕዝቡ በራሱ እንጨትና ሣር ትንንሽ ቤት ልሥራ ካለ አልከለክልም። ሕዝቡ ግን በአንድ ቃል ይምጣ። ገሚሱ ረጅም፣ ገሚሱ ክብ እያለ እንዳይጣላ።» ከዚያ ወደ ጋሼ ጉደታ ዞሩ። «ባለሙያው ምን ይላሉ?»

ጋሼ ጉደታ ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አዟዟሩ። ኖፓ ውስጥ በቤት ሥራ ነገር ሰው የሚሰማው እርሳቸውን መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ እርሳቸውም ያውቃሉ።

«ረጅሙ ይሻላል» አሉ።

ኃላፊው እንግዲህ ምን ላድርግ በሚል ዓይን አዩኝ። ምስጋና አቅርቤ ወጣሁ።

መልስ

ከጎሬ መቱ፣ ከመቱ ኖፓ፣ ስለ መንገዱ የምጽፈው ብዙ የለኝም። መናገር የምወድ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን አልተናገርኩም። ጋሼ ጉደታ አንድ ጊዜ የተጠበሰ በቆሎ ገዝተው ግማሹን ሰጡኝ። ተቀበልኩና አመሰገንኩ። የማስበው ጫልቱን ምን እንደምላት ነበር። ለእርሷ ብዬ ሄጄ፣ ያንኑ አዳራሽ በፈቃድ አጽንቼ ነው የምመለሰው።

ጫካው ውስጥ፣ ከዚያችው ምንጭ ስንደርስ፣ «ተቆጥተሻል» አሉ።

«አልተቆጣሁም ጋሼ።»

«ተቆጥተሻል። ጎጆ ሲሠራ የኖረ ሰው ነኝ። በስተርጅናም ጎጆ ሥራ ነው የምትይኝ።»

እውነታቸውን ነው። 

ኖፓ

ለትምህርት ቤቱ የተሰጠው ሜዳ ከመንገዱ ዳር ነው። ስንደርስ ሰው ሞልቶታል። እንጨት እንደ መጣ ገባንና ጋሼ ጉደታ ድካማቸውን ረስተው ከበቅሎ ወረዱ። ጥቂት እንደ ሄዱ ግን ቆሙ።

የሌላ አገር ሰው እንዳይቸገር ይህን ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ለአንድ ሰው ቤት በደቦ ሲሠራ ዘመድ አዝማድ ሁሉ እንጨት ይዞ ይመጣል። መካከሉ ላይ የሚቆመውን ዋና ምሰሶ፣ ኡቱባ የሚባለውን ግን የሚያመጣው ለባለቤቱ ከሁሉ የቀረበው ወገን ነው። ኡቱባ ይዞ የመጣን ሰው ይዘህ ተመለስ ማለት፣ ዘመዴ አይደለህም ማለት ነው። ለዚያ ቂም ይያያዙበታል።

ሜዳው ላይ ስድስት ኡቱባ ተጋድሟል። ከየሰፈሩ አንድ አንድ። የገበያው ሰፈር ነጋዴዎች፣ ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌያቸው እየመሩ፣ የዋንዛ ግንድ በብዙ በሬ አስጎትተው አምጥተዋል። የወንዙ ማዶ ሰዎች የእነሱን ልጠው፣ ቅቤ ቀብተው አስተኝተውታል። ሰዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ግንድ አጠገብ ተቀምጠው፣ የሌላውን ግንድ በጎን ዓይን ያያሉ። የግድግዳ እንጨት ይዞ የመጣ ጥቂት ነው።

ጋሼ ጉደታ «ዋናውን የምጠብቀው ከእናንተ ነው» ያሏቸውን ሁሉም አምነዋቸዋል። ሁሉም ትምህርት ቤቱን የቅርብ ዘመዱ አድርጎታል። ረጅሙ ቤት ደግሞ እንደ ክብ ጎጆ አንድ መካከል ስለሌለው ኡቱባ አይቆምበትም።

«ጉደታ» አሉ የወንዙ ማዶ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «የእኛን የት ልታቆመው ነው?»

«የእናንተን...» አሉ ጋሼ ጉደታ።

«የእነሱንስ?» አሉ ሐጂ። «ለእኔ ያልከኝን ለእነሱም ብለሃል ልበል?»

ሳቅ ተሰማ፤ ከሳቁ ሥር ግን ጠብ ነበረበት። ጋሼ ጉደታ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ሄዱ። እያንዳንዱን በመዳፋቸው ዳሰሱ። የዋንዛውን ዳስሰው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እንዲህ ያለ እንጨት በዕድሜያቸው ሙሉ አላገኙም ይሆናል። አንዱንም መልሱ ማለት አልቻሉም። እኔ እንዳልናገር ከንፈሬን ነከስኩ። ደግሞ ከተናገርኩ የሚሰማው የእኔ ወሬ ነው የሚሆነው፤ መስማት ያለባቸው የእርሳቸውን ነው።

ጋሼ ጉደታ ዱላቸውን አንሥተው ወደ እኔ መጡ።

«ያ የጎሬው ማድ ቤት፣ መምህርቷ እንደልብ ይዞሩበት ነበር አይደል?»

«ይዞሩበት ነበር።»

«አንድ ክንድ ብጨምርበት ይሻላል። በሩንም ሰፋ ባደርገው።» ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እያንዳንዱ ኡቱባ በራሱ ቤት ላይ ይቆማል። ስድስት ቤት። በሮቹ ወደዚህ፣ ወደ መካከል።»

«ቆርቆሮውስ?» አለ አንድ ሰው።

«ቆርቆሮው እዚህ መካከል፣ ግድግዳ የሌለው ረጅም ዳስ ላይ ይወጣል። ልጆቹ አብረው የሚሰበሰቡበት። ኃላፊው በአንድ ጣሪያ ላይ ልየው ብለዋል፤ ይዩት።» ወደ መንገዱ ዞረው ለአፍታ ተመለከቱ። ቀስ ብለው፣ ለእኔ ብቻ፣ «ከመንገድ ይታያል» አሉኝ።

«ከሩቅ ይታያል» አልኳቸው።

የወንዙ ማዶ ሽማግሌ አሁንም አልተነሡም። «መምህሩ ከኡቱባው ሥር ቆሞ ከጀርባው ያለውን ልጅ እንዴት ያያል?»

«ይዙራ» አሉ ጋሼ ጉደታ። «ደሞዝ ይከፈለው የለ?»

በዚህ ተሳቀ፣ ጠቡም ከሳቁ ጋር ሄደ። የኃላፊው «አንድ ቃል» እንዲህ ተገኘ። በእኔ ንግግር ቢሆን ገና እስካሁን እንከራከር ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ካለ ይህ ነው፦ እኔ ልጄ እንድትታወቅ ብዬ ተራራ ወጣሁ፤ አብረውኝ የወጡትም ሰው፣ ግንድ ያስጎተቱትም ሰፈርተኞች የፈለጉት ያንኑ ነበር። መታወቅን ነው የፈለጉት። የቤቱን ቅርፅ ስፈልግ ይህንን ለልጆች ብቻ የሚያስፈልግ አድርጌ አስቤው ነበር።

በማግሥቱ ጋሼ ጉደታ ችካል ተክለው፣ ገመድ አስረው፣ የመጀመሪያውን ክብ መሬት ላይ አሠመሩ። የዋንዛው ኡቱባ በጩኸትና በዘፈን ቆመ። ጫልቱን ነይ አላልኳትም። ውኃ ለሠራተኞቹ ይዛ መጣች፤ እንስራዋን አስቀምጣ ክቡን ከውጭ ስትዞረው አየኋት። ከዚያ ገባች። ግድግዳ ገና የለም፣ መስመር ብቻ ነው፤ እሷ ግን በሩ በሚሆንበት በኩል ነው የገባችው። ሰሌዳው ይሰቀልበታል የተባለውን ግንድ ዳሰሰች፣ በመስመሩ ዳር ዳር ሄደች፣ ቆመች።

«ጋሼ» አለቻቸው በኦሮምኛ፣ «የዚህ ቤት ኋላው በየት በኩል ነው?»

ጋሼ ጉደታ ገመዱን እየጠቀለሉ ቀና አሉ። «እኔ ስሠራው አላገኘሁትም» አሏት። «አንቺ ፈልጊው።»

አንድ ጊዜ ዞረች። ደግማ ዞረች። ከዚያ ደስ ያላትን ቦታ መርጣ፣ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።